ጋሽ ብርሃነ የመረቁት ውሃ

የናይሮቢዋ ኢስትሊ ውስጥ ሰው በጩኸት አይነቃም። አዛኑ፣ የማታቱ ታክሲው ጡሩምባ፣ ሸቀጥ የሚያወርዱት ወዛደሮች ጭቅጭቅ፣ ሁሉም እንደ ግድግዳው ቀለም ተለምዷል። ጋሽ ብርሃነመስቀልን በዚያ ንጋት ያስነሳቸው የውሃ ድምፅ ነው። ቧንቧው በሳምንት አንዴ፣ ያውም ደስ ካለው በሚንጠባጠብበት ሰፈር፣ ውሃ ሲንፎለፎል የሰማ ሰው ተኝቶ አይቀርም። በባዶ እግራቸው ወደ መታጠቢያ ቤቷ መስኮት ሄደው ከሦስተኛ ፎቅ ወደ ግቢው ቁልቁል ቢመለከቱ፣ በአራት ሰዓት ሊመረቅ ሪባን የታሰረለት የጉድጓድ ውሃ ሮቶ ላይ አንድ ሰው ቆሟል። ወፍራም ጎማ ወደ ሮቶው አፍ ከቷል። የጎማው ሌላ ጫፍ መብራቱን አጥፍቶ ከቆመ የውሃ ቦቴ ጋር ተያይዟል። "አትሙላው፣ እስከ ምሳ ሰዓት ከወረደ ይበቃል" አለ ከታች የቆመው በስዋሂሊ። ጋሽ ብርሃነ ፊቱን ለማየት አልደከሙም። የልጃቸው የአቤኔዘር ድምፅ ነበር።

ናይሮቢ ውስጥ በምርጫ ወንበር ያገኘ ሰው ሁሉ "ሙሄሺሚዋ" ይባላል፤ ክቡርነትዎ እንደማለት ነው። የዚህ ሰፈር ተመራጭ ሙሄሺሚዋ ኪማንዚ ነው። እኔ አንቱ አልለውም፤ አንቱታ ለሚገባው ነው። የተመረጠው ፎቶው የታተመበት የዱቄት ከረጢት አድሎ ነው፤ ቤቱ የሀብታም ሰፈር ፓርክላንድስ ነው፤ በሚወክለው ሰፈር ግን አንድ ሌሊት አድሮ አያውቅም። አምና የመንገድ መብራት አስገባለሁ ብሎ ምሰሶ ካስተከለ በኋላ ሽቦውም አምፖሉም ስላልመጣ፣ ሴቶቹ በምሰሶዎቹ መካከል ገመድ ወጥረው ልብስ ያሰጡባቸዋል። ዘንድሮ ደግሞ የጉድጓድ ውሃ መጣ። አንድ ትልቅ መሰርሰሪያ ለጥቂት ቀናት ሕንፃውን ሲያንቀጠቅጥ ሰነበተና ሄደ። በቦታው የቆመው ሰሌዳ የጉድጓዱ ጥልቀት ሁለት መቶ ሃምሳ ሜትር፣ ወጪውም ሃያ ስምንት ሚሊዮን ሽልንግ መሆኑን ይናገራል። ከዚያ በየቤቱ መስመር ለማስገባት እያንዳንዱ አባወራ አምስት ሺህ ሽልንግ ይክፈል ተባለ። ማንም አልከፈለም። ልብስ የሚሰጣበትን ምሰሶ በየቀኑ እያየ ማን ይከፍላል?

ለዚህ ነው ጋሽ ብርሃነ የተፈለጉት። ሠላሳ ዓመት ያህል በዚሁ ቅያስ ሻንጣ ሲሸጡ ኖረዋል፤ የእድሩ ሊቀመንበር ናቸው፤ ሐበሻው ብቻ ሳይሆን ሶማሌውም ኬንያዊውም ሲጣላ የሚዳኘው እሳቸው ሱቅ በራፍ ላይ ነው። ሐበሻ ሱቅ ሲከፍት፣ መኪና ሲገዛ፣ ቤት ሲገባ ሽማግሌ ሳይመርቅለት አይጀምርም፤ ጋሽ ብርሃነ የመረቁት ነገር ደግሞ ጎደለ ሲባል ተሰምቶ አያውቅም። ይህን ያወቁት ሐበሻ ያልሆኑ ጎረቤቶችም ለየራሳቸው ምርቃት ይጠሯቸው ጀምረው ነበር። "ምዜ፣ ሽማግሌው፣ ከመረቁት እንከፍላለን" የሚለው ወሬ በቅያሱ የዞረው ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ነው። ወሬውን ወደ ሙሄሺሚዋ ቢሮ ይዞ የሄደው አቤኔዘር ነው። እዚያ የሐበሻ ጉዳይ አስተባባሪ ይሉታል፤ ካርድ አሳትመውለታል። እናቱ እትዬ የውብዳር ካርዱን ሳሎን ውስጥ ከሥላሴ ሥዕል ግርጌ ሰክተውታል።

አቤኔዘር ሸሚዝ ሊቀይር ሲመጣ አባቱ መኝታ ቤቱ በር ላይ ቆመው ጠበቁት። ናይሮቢ ተወልዶ ናይሮቢ ያደገ የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ነው፤ ሸሚዙን እናቱ ተኩሰው አልጋው ላይ ዘርግተውለታል። ጋሽ ብርሃነ ሰላምታም አላስቀደሙ። "ቦቴው የማን ነው?" አሉት።

"አባዬ፣ ኢትስ ጀስት ፎር ዘ ሎንች፣ ለምርቃቱ ብቻ ነው" አለ ከመስታወቱ ፊቱን ሳይመልስ። "ፓምፑ ሞምባሳ ወደብ ላይ ነው። ሲደርስ ውሃው ይወጣል።"

"ጉድጓዱ ውሃ አለው ወይ ነው ያልኩህ።"

አቤኔዘር የሸሚዙን ቁልፍ ቆለፈ። "ድንጋይ ሆነባቸው። ሌላ ቦታ ይቆፈራል ብሏል ሙሄሺሚዋ።"

"ሰው የሚከፍለውስ? ገንዘቡ የሚገባበት ስልክ በማን ስም ነው?"

"በኔ። በሱ ስም እንዴት ይሆናል፣ ዩ ኖው። እኔ ጋ አይቆይም እኮ፣ ለሱ ነው የማስተላልፈው።"

ጋሽ ብርሃነ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ልጁ ያልገባው ነገር ለእሳቸው ወዲያው ገባቸው። ሃያ ስምንቱ ሚሊዮን የት እንደገባ የሚያውቀው ሙሄሺሚዋ ብቻ ነው፤ የሙሄሺሚዋ ስም ያለው ግን ሰሌዳው ላይ ነው፣ በበጎ። ከድሃው ኪስ የሚወጣው አምስት አምስት ሺህ ላይ የሚጻፈው ስም የአቤኔዘር ነው። ቀኑ ሲደርስ አንዱ ፓርክላንድስ ይገባል፣ ሌላው እዚህ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይገኛል። ኢስትሊ ደግሞ ሌባ ሲይዝ ፖሊስ አይጠራም። አምና ስልክ ነጠቀ የተባለውን ልጅ ጋሽ ብርሃነ ሱቃቸው ደጃፍ ላይ ሆነው አይተውታል። ፖሊስ የመጣው አንገቱ ላይ ያጠለቁለት ጎማ ተቃጥሎ ካለቀ በኋላ ነበር። ሰባ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው ሰው እንደ ሕፃን ፈሩ።

"እኔ አልመጣም። አሞኛል በላቸው" አሉ።

"ካልመጣህ ሁሉም ሰው ዋይ፣ ለምን ቀሩ ብሎ ይጠይቃል፣ አባዬ። የጠየቀ ሰው ደግሞ ሮቶውን ያያል።"

እትዬ የውብዳር ካውያውን እንደያዙ ከኋላ ቆመው ኖሯል። ምን ያህሉን እንደሰሙ አልታወቀም፤ ምናልባት ሁሉንም ከዛሬ በፊት ያውቁት ነበር። "ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም" አሉ ለባላቸው፣ ቀስ ብለው። "መርቀህ ና፣ በቃ። ያለን እሱ አንድ ልጅ ነው።" ሻይ ቀርቦ ቀዘቀዘ። ሦስቱም በየፊናቸው ልብሳቸውን ለበሱ፤ ሦስት ክፍል ቤት ውስጥ ሦስት ሰው እንዲህ ሳይነካካ ሊተላለፍ መቻሉ ይገርማል። ጋሽ ብርሃነ ጋቢያቸውን ሲያጣፉ አንድ ሐሳብ መጣላቸውና ትንሽ ቀለል አላቸው። ሰውን እመርቃለሁ፣ ውሃውን አልጠራውም አሉ በልባቸው። ስለ ውሃው አንድም ቃል ካልወጣኝ አልዋሸሁም። እንዲህ ያለውን ስህተት የሚሳሳተው ቃሉ ዋጋ ያለው ሰው ብቻ ነው፤ ወሮበላማ ቃሉን ቆጥቦ የት ያደርሰዋል?

ደረጃው ሥር የምሥራች ጠበቀቻቸው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ምድር ቤት በአንዲት የልብስ ስፌት መኪና የምትተዳደር ሴት ናት፤ አንዲት ልጅ አለቻት፣ ሐሊና፣ ሁለተኛ ደረጃ የገባች። ባሏ ሲሞት ድንኳኑን ያስተከሉት፣ አስከሬኑን አገር ቤት ያስላኩት ጋሽ ብርሃነ ናቸው። ሁለት ባዶ ጀሪካን ይዛ የውሃ ጋሪ የሚገፋውን ልጅ እየተከራከረችው ነበር፤ አንዷ ጀሪካን ስልሳ ሽልንግ ገብታለች፤ ልጁ ደግሞ ከስልሳ ንቅንቅ አልል ብሏል። እሳቸውን ስታይ ተወችው።

"እንዴት አደሩ ጋሽ ብርሃነ? ዛሬ እርስዎን ነው የምንሰማው አሉ።"

"እግዚአብሔር ይመስገን። ሐሊና ደህና ናት?"

"ትምህርት ቤት ሰኞ ይከፈታል፣ ክፍያውን አዘጋጅቻለሁ። አሁን ደግሞ ይኼ የመስመር ገንዘብ መጣ። ያለኝ ሁለቱን አይችልልኝም።" ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ውሃው እውነት ከሆነ ግን በየቀኑ ለጀሪካን የማወጣው ይቀርልኝ የለ? በሁለት ወር ይመልሰዋል፣ ትምህርት ቤቱን ትንሽ እንዲታገሡኝ እለምናለሁ። እርስዎ ከመረቁት ልከፍል ነው፣ ቆርጫለሁ።"

"እስኪ እንይ፣ አትቸኩዪ" አሏት። ያኔ እዚያው በአማርኛ፣ በጆሮዋ፣ ተዪው ማለት ይችሉ ነበር። ግን የምሥራች አንድ ነገር ብትሰማ ለሙርሺዳ ትነግራለች፤ ሙርሺዳ የጨርቅ ነጋዴዋ ከሰማች ቅያሱ በሙሉ ሰማ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። "እስኪ እንይ" ብለው አልፈዋት ሄዱ።

ድንኳኑ በሙሄሺሚዋ ፓርቲ ቀለም ተሸፍኗል፤ ወጣቶቹ ፊቱ ያለበት ካናቴራ ለብሰው ይዘፍናሉ፤ ጥግ ላይ በትላልቅ ድስት የተሠራው የፒላው ሩዝ ሽታ ሰውን ሁሉ አስቀርቶታል። ሙሄሺሚዋ ከሰዓቱ ዘግይቶ መጣ፣ ሕፃናት እየሳመ። አጭር፣ ወዛም፣ ሳቅ የማያልቅበት ሰው ነው፤ ሲጨብጥ በሁለት እጁ ነው። "ውሃ ፖለቲካ አይደለም፣ ውሃ ሕይወት ነው!" አለ በማይክራፎኑ። ሌሎች ተመራጮች የሕዝብን ገንዘብ እንደሚበሉ፣ እሱ ግን እናቱ ድሃ ስለነበረች የድሃ ገንዘብ ጉሮሮው ላይ እንደሚቆም ተናገረ። እዚህ ላይ ዓይኑን በመሀረብ ጠረገ። ሙርሺዳ ከፊት ወንበር ሆና አብራው ዓይኗን ጠረገች። ጋሽ ብርሃነ ከጎኑ ተቀምጠው አዩት፤ እውነተኛ እንባ ነበር። ይሄ ነው ያናደዳቸው፤ ሌባ ሌባ ቢመስል ምን ነበረበት?

ከዚያ እሳቸው ተነሡ። አቤኔዘር ሁለተኛ ማይክ ይዞ ሊያስተረጉም አጠገባቸው ቆመ። ሐበሾቹም ተነሥተው እጃቸውን ዘረጉ።

"ልጆቻችንን ያሳድግልን" አሉ ጋሽ ብርሃነ።

"አሜን።"

"የታመመውን ይማርልን። ስደተኛውን ላገሩ ያብቃልን።"

"አሜን።"

"ከሌባና ከሐሰተኛ ይሰውረን።"

"አሜን!" አለ ሕዝቡ። ሙሄሺሚዋም ባይገባውም ጮክ ብሎ "አሜን" አለ።

ጋሽ ብርሃነ እዚህ ላይ አበቁ። ስለ ውሃው አንዲት ቃል አልወጣቸውም። አቤኔዘር ማይኩን ወደ አፉ አስጠጋ፣ ልጆቹንና ታማሚውን በስዋሂሊ ተረጎመ፣ በሌባውና በሐሰተኛው ላይ ዘለለ፣ ከዚያ ድምፁን ከፍ አደረገ። "ምዜ እንዲህ ይላሉ፦ ይህን ውሃ ገና በጠዋት በገዛ አፌ ቀምሼዋለሁ። ከጥልቅ የወጣ ንጹሕ ውሃ ነው። እኔ ለቤቴ ከፍያለሁ፤ እናንተም ዛሬውኑ ክፈሉ፣ አደራ።" ድንኳኑ በእልልታና በጭብጨባ ተናወጠ።

የጋሽ ብርሃነ ማይክ አልተዘጋም፤ እጃቸው ላይ ነው። ስዋሂሊያቸው ሠላሳ ዓመት የተነገደበት ስዋሂሊ ነው፤ "ልጄ ተሳስቷል፣ እንዲህ አላልኩም" ለማለት ጥቂት ቃል ይበቃቸዋል። አፋቸውን ከፈቱ። ልጃቸው አያያቸውም፤ ከአንገቱ በላይ በላብ ርሷል፣ እናቱ የተኮሱት ኮሌታ ተጣብቆበታል። ከፊታቸው ያለውን ሕዝብ አዩ፤ ወጣቶቹን፣ የወጣቶቹን ክንድ። ማይኩን ወደ ታች አወረዱት። ሙሄሺሚዋ ከቧንቧው የቀዳውን ብርጭቆ በሁለት እጁ ሰጣቸውና ለፎቶ ጠጡት። ጎማ ጎማ ይል ነበር።

ሙሄሺሚዋ ፒላው ሳያልቅ ኪሊማኒ ስብሰባ አለኝ ብሎ ሄደ። ጋሽ ብርሃነ ሱቃቸውን ከፍተው ከሻንጣዎቹ መካከል ተቀመጡ። ከሰዓቱን ሙሉ በደጃፋቸው ሰው ያልፋል፤ ጀሪካን የሞላ ሁሉ "አሳንቴ ምዜ!" እያለ ያመሰግናቸዋል፤ አንዳንዱም የከፈለበትን የስልክ መልእክት ያሳያቸዋል። መልእክቱ ላይ የልጃቸው ሙሉ ስም አለ፤ አቤኔዘር ብርሃነመስቀል። የገዛ ስማቸው ከልጃቸው ስም ጋር ተያይዞ በየሰው ስልክ ውስጥ ሲገባ ዋሉ። አንድ ሻንጣ የሚገዛ ሰው መጥቶ ዋጋ ጠየቃቸው፤ ሁለቴ ነግረውት ሁለቱም ጊዜ የተለያየ ዋጋ ተናገሩ፤ ሰውዬው ጥሏቸው ሄደ።

ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ቧንቧው ማንፏጨት ጀመረ፤ ከዚያም ጭራሽ ደረቀ። መጀመሪያ ሰው ሳቀ፤ ውሃው በዝቶ ፓምፑ ደክሞት ነው ተባለ። ወጣቶቹ ሊያግዙ ብለው የፓምፑን ቤት ቁልፍ ሰበሩ። ውስጡ ፓምፕ የለም። ከሲሚንቶው ላይ የወጣ አንድ ቱቦ አለ፤ አንዱ ወጣት በእጁ ቢነቅለው ተነቀለ፣ ክንድ አይሞላም። የሙሄሺሚዋ ስልክ ዝግ ነው። የከፈሉበት ቁጥር ግን ባለቤት አለው፤ ባለቤቱም ሦስተኛ ፎቅ ነው የሚኖረው።

ጋሽ ብርሃነ ጩኸቱን ሰምተው ሱቁን እንኳ ሳይዘጉ ሮጡ። ሲደርሱ ደረጃው ተሞልቷል፤ ምዜ ስለሆኑ አሳለፏቸው። ከታች ቅያሱ ላይ አንድ ሰው አሮጌ ጎማ እያንከባለለ መጣ። አቤኔዘር የቤታቸው በር ላይ ቆሟል፣ ሸሚዙ ከትከሻው ተቀዷል፤ እናቱ ከኋላው ወገቡን አቅፈው ይዘውታል። ሙርሺዳ ከሁሉ ፊት ሆና ስልኳን በፊቱ ላይ ትነቀንቃለች።

"እኔ አስተርጓሚ ነኝ!" ይላል አቤኔዘር በስዋሂሊ፣ ድምፁ እየተሰበረ። "ገንዘቡን ለሙሄሺሚዋ አስተላልፌያለሁ። ውሃው ደህና ነው ያልኩት እኔ አይደለሁም። ያባቴን ቃል ነው የተረጎምኩት! እሱን ጠይቁት!"

ሁሉም ወደ ጋሽ ብርሃነ ዞረ። እሳቸው ልጃቸውን አዩት። ሕፃን ሳለ ውሻ ሲያባርረው ሮጦ ከኋላቸው የሚሸጎጥ ልጅ ነበር፤ አሁንም ያደረገው ያንኑ ነው። አልተቆጡትም። መቆጣት ኋላ ይደርሳል ብለው ይሆናል።

"ልጄ ልክ ነው" አሉ በስዋሂሊ፣ ቀስ ብለው፣ ሁሉም እንዲሰማ። "እኔ ነኝ ያልኩት። ውሃ እንደሌለውም አውቅ ነበር። ልጄ ቃሌን ነው የተናገረው።"

ሽማግሌ ላይ እጁን የሚያነሣ ሰው ናይሮቢም ውስጥ ቶሎ አይገኝም። ሙርሺዳ ስልኳን አወረደች፤ አንድ ጊዜ ብቻ "ወላሂ፣ እርስዎ?" አለችና ዞራ ወረደች። ሌላው ተከተላት፤ አንዱ ሲያልፍ እግራቸው አጠገብ ተፋ። ጎማው የት እንደደረሰ ያየ የለም። አቤኔዘር እናቱ ጎትተው አስገቡትና በሩ ገርበብ አለ።

የምሥራች ብቻ ቀረች። ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ ነበር፤ ያለቀሰች አትመስልም፤ የሐሊናን የደንብ ልብስ ስትሰፋ ከመኪናዋ ተነሥታ እንደመጣች ክር ቀሚሷ ላይ ተንጠልጥሏል።

"እኔ አማርኛ እሰማለሁ እኮ፣ ጋሽ ብርሃነ" አለች። "ያሉትንም ሰምቻለሁ፣ ያላሉትንም ሰምቻለሁ።"

"የምሥራች—"

"ልጅዎ ሲተረጉም ደንግጬ እርስዎን አየሁ። ጋሽ ብርሃነ ሐሰት ቢሆን ዝም አይሉም አልኩ፤ ዝም አሉ። የከፈልኩት ያኔ ነው፤ ድንኳኑ ውስጥ ቆሜ።"

ሙሄሺሚዋን ሊረግሙላት ፈለጉ፤ ሱቁን ሸጬ እከፍልሻለሁ ሊሏትም ፈለጉ፤ ነገር ግን ከእሳቸው አፍ የሚወጣ ቃል ከዛሬ ወዲያ ለማን ምን እንደሚሆን አላወቁም።

"ስለ ልጅዎ ብለው ነው፤ ይገባኛል" አለች የምሥራች፣ ክሩን ከቀሚሷ እየለቀመች። "ሐሊናም ልጅ ናት።" እሳቸውም እዚያው ቆሙ፣ እሷ ደረጃውን ወርዳ እስክትጨርስ።